የአስር ቀን ዕዳ

ማጀቴ፣ እናቴ ቤት፣ ቡና ጎረቤት ሳይጠራ አይጠጣም። ለአቦል ያልደረሰ ለቶና ይደርሳል፣ ለቶና ያልደረሰ ለበረካ። በመስከረም 2018 ለእንቁጣጣሽ ስሄድ ከሚጠሩት ሰዎች አንድ ጎደለብኝ። ቤቱን የገነቡልን ግንበኛ ናቸው፤ የሚኖሩት ሦስት ቤት አለፍ ብሎ ነው።

«ጋሼ የሉም እንዴ?» አልኳት እናቴን።

«አሉ። እዚህ ቤት ቡና መጠጣት ከተዉ ግን ቆዩ» አለችኝ ፍሙን በመጫሪያ እየሰበሰበች። «ቢመጡ ገንዘባቸውን ሊጠይቁ የመጡ እንዳይመስልባቸው ነው።»

ገንዘቡ 6 ሺህ ብር ነው። ያለው እኔ ጋ ነው። ሁለት ዓመት ሙሉ እኔ ጋ ነበር።

ይህን የምጽፈው ንስሐ ለመግባት ብቻ አይደለም (እሱም አለበት)። ሙያዬ ራሱ የሰው ገንዘብ ይዞ ማቆየት ስለሆነ ነው። በአንድ የሕንፃ ተቋራጭ ድርጅት ውስጥ የቢሮ መሐንዲስ ነኝ። የተሠራውን እለካለሁ፣ ቴክኦፍ እሠራለሁ፣ የክፍያ ሰርተፍኬት አዘጋጃለሁ። ሰርተፍኬቱ ግርጌ ላይ ሁሌም የማይቀር አንድ መስመር አለ፦ ሪቴንሽን፣ 5 በመቶ፣ ተቀናሽ። ያንን መስመር ስንት ጊዜ እንደጻፍኩት አላውቅም። ገንዘቡ የማን እንደሆነ ግን ያቺን ቀን እናቴ ፍም ስትሰበስብ እስካይ ድረስ ቆም ብዬ ጠይቄ አላውቅም።

ከግንባታ ውጭ ላላችሁ ነገሩን በአጭሩ ላስረዳ። አንድ ሕንፃ ሲሠራ ገንዘብ የሚከፈለው በአንዴ አይደለም። ተቋራጩ በየጊዜው የሠራውን ያስለካል፣ አማካሪ መሐንዲሱ ያጸድቃል፣ አሠሪው ይከፍላል። ከእያንዳንዱ ክፍያ ላይ ግን ትንሽ ይቆነጠራል። ብዙ ጊዜ 5 በመቶ፣ አንዳንዴ 10። ሥራው አልቆ ጊዜያዊ ርክክብ ሲደረግ የተያዘው ግማሽ ይለቀቃል። ቀሪው ግማሽ ደግሞ አብዛኛውን ጊዜ አንድ ዓመት ይቆይና ጉድለት ካልታየ በመጨረሻው ርክክብ ይለቀቃል። ልማዱን ብዙዎች በ19ኛው ክፍለ ዘመን እንግሊዝ ውስጥ የባቡር ሐዲድ እንደ እንጉዳይ ከፈላበት ዘመን ጋር ያያይዙታል። ያን ጊዜ ትናንት የተቋቋመ ተቋራጭ ሁሉ ሐዲድ ልዘርጋ እያለ ሥራውን ጥሎ ሲጠፋ፣ አሠሪዎች ከክፍያው ላይ መያዣ ማስቀረት ጀመሩ።

ምክንያቱ እንዲያው የሚናቅ አይደለም። ቤት ቶሎ አይናገርም። ልስኑ በጋ ላይ ያምራል፤ ስንጥቁ የሚወጣው፣ ጣሪያው የሚያፈሰው፣ መሠረቱ የሚሰምጠው ዝናብ ሲመጣ ነው። አሠሪው ሙሉውን ከፍሎ ካሰናበተ፣ ክረምት ላይ ተቋራጩን ስልክ ቢደውልለት ማን ያነሳል? የተያዘችው ገንዘብ ስልኩን የምታስነሳ ናት።

እኔም በመጋቢት 2015 ያሰብኩት ይህንኑ ነው። የእናቴን ቤት ለማደስና ሁለት ክፍል ለመጨመር ከጋሼ ጋር በ60 ሺህ ብር የእጅ ዋጋ ተስማማን። ብሎኬቱም፣ ሲሚንቶውም፣ ፌሮውም የኔ። አዲስ አበባ የለመድኩትን ይዤ መጣሁና «አስር በመቶው ይቀመጥ፣ ክረምቱ ይለፍና መስከረም ላይ ቤቱን አይተን እከፍላለሁ» አልኳቸው።

ትንሽ ዝም አሉ። ከዚያ «ይሁን ልጄ» አሉ። «ቤት እንደሁ ክረምት ካላየ አይታወቅም።»

ያቺን ዝምታ እንደ ስምምነት ቆጠርኳት። አሁን ሳስበው ብልጠት ነበር የተሰማኝ። ከአዲስ አበባ የመጣ፣ ውል የሚያውቅ ሰው።

ክረምቱ መጣ። የ2015 ክረምት። በሐምሌ መጨረሻ በክልሉ የአስቸኳይ ጊዜ አዋጅ ታወጀ፣ ኢንተርኔት ተቋረጠ፣ መንገድ አንዴ ይከፈታል አንዴ ይዘጋል። መስከረም ሲገባ ማጀቴም ከተኩስ አላመለጠችም። መስከረም ላይ ቤት የማየት ቀጠሮ የነበረኝ ሰው፣ እናቴ በሕይወት መኖሯን በስልክ ለማረጋገጥ የምለምን ሰው ሆንኩ። አንድ ቀን መስመሩ ሲገባ መጀመሪያ ያለችኝ «ደህና ነን» ነው፤ ቀጥላ «ጣሪያው አንዲት ጠብታ አላስገባም» አለች። የጋሼ እጅ ክረምቱን አልፏል ማለት ነው። ቀጠሮው ደርሷል።

ግን ባንኩ ዝግ ነው፣ መንገዱ ዝግ ነው፣ ሰው መላክ ያስፈራል። እውነተኛ ምክንያት ነበረኝ። ከዚያ ባንኩ ተከፈተ። ምክንያቱ አለቀና ልማዱ ጀመረ። 6 ሺህ ብሯ አካውንቴ ውስጥ ከሌላው ብር ጋር ተቀላቀለች። የትኛዋ የጋሼ፣ የትኛዋ የኔ እንደሆነች መለየት የሚችል የለም። አንድ ወር የቤት ኪራይ ስከፍልባት ምንም አልተሰማኝም።

የመጀመሪያው ጥያቄ እዚህ ጋ ነው። የተያዘ ገንዘብ የማን ነው?

በወረቀት ላይ መልሱ ቀላል ነው። ሥራው ተለክቷል፣ ጸድቋል፣ ዋጋው ታውቋል። ስለዚህ የሠሪው ነው፤ የዘገየው መስጠቱ ብቻ ነው። በተግባር ግን አሠሪው ኪስ ውስጥ ያለ ገንዘብ የአሠሪው ሆኖ ይኖራል። አሠሪው ሲከስር አብሮ ይከስራል። በኒውዚላንድ በ2013 እ.ኤ.አ. ሜይንዚል የተባለ ትልቅ ተቋራጭ ሲወድቅ፣ በእንግሊዝ ደግሞ በጥር 2018 እ.ኤ.አ. ካሪሊዮን ሲወድቅ፣ ሥራቸውን በትክክል ጨርሰው ሪቴንሽናቸውን የሚጠብቁ ንዑስ ተቋራጮች ገንዘቡ እንደሌለ ነው የተነገራቸው። ኒውዚላንዶች ከዚያ ተማሩና ሕጋቸውን አጠበቁ። ከጥቅምት 2023 እ.ኤ.አ. ጀምሮ የተያዘ ገንዘብ በአደራ የተቀመጠ ነው፤ ለብቻው አካውንት ይቀመጣል እንጂ ከያዡ ገንዘብ ጋር አይቀላቀልም። ፈረንሳዮች ቀድመዋቸዋል። በ1971 እ.ኤ.አ. ባወጡት ሕግ የሚያዘው ከ5 በመቶ አይበልጥም፣ ገንዘቡ ሦስተኛ ወገን ጋ ይቀመጣል፣ ርክክብ ከተደረገ ከአንድ ዓመት በኋላም በሕጉ መንገድ ተቃውሞ ካልቀረበ ይለቀቃል።

ከሁለቱም ሕግ ጀርባ ያለው ሐሳብ ለኛ እንግዳ አይደለም። አደራ እንለዋለን። የሰው ወርቅ አያደምቅ እንላለን። አደራ ያስቀመጡበትን ሰው ገንዘብ ለቤት ኪራይ የከፈለን ሰው ምን ብለን እንደምንጠራው እናውቃለን። እኔ ራሴን በዚያ ስም ያልጠራሁት «ሪቴንሽን» የሚል የሥራ ቃል ስላለኝ ብቻ ነው።

ሁለተኛው ጥያቄ፦ ዋስ መጥራት ያለበት ማነው?

እቁብ የጣለ ሰው ይህን ያውቀዋል። ዕጣ ቀድሞ የወጣለት ሰው ብሩን ከመውሰዱ በፊት ዋስ ይጠራል። ለምን? ስለተቀበለና ገና የሚከፍለው ስላለ። ዕጣው ያልደረሰው፣ በየሳምንቱ እየጣለ የሚጠብቀው ሰው ግን ዋስ አይጠየቅም። እሱ ሰጪ ነው፤ የሚታመነው እሱ ሳይሆን የሚያምነው እሱ ነው።

ግንባታ ላይ ይህ ተገልብጦ ነው የሚኖረው። ግንበኛው ቀድሞ ሰጥቷል። ብሎኬቱ ተደርድሯል፣ ልስኑ ደርቋል፣ መልሶ ሊወስደው አይችልም። የተቀበለው አሠሪው ነው፣ ገና ያልከፈለውም እሱ ነው። መያዣ የተጠየቀው ግን ሰጪው። በእቁብ ሚዛን ብንሄድ ለጋሼ ዋስ መጥራት የነበረብኝ እኔ ነኝ።

የቢሮዬ ሰዎች የሚሉትን አውቃለሁ፤ «የጥራት ዋስትናስ?» ይላሉ። ጥሩ ጥያቄ ነው። ግን ሕጉ ባዶ እጁን አልተወንም። የ1952ቱ የፍትሐ ብሔር ሕግ በአንቀጽ 3039 የሕንፃ ሥራ ተቋራጭ ከርክክብ ጀምሮ ለ10 ዓመት ለሥራው ደህንነትና ጥንካሬ ዋስ እንዲሆን ያደርገዋል። ተቋራጩ አስቀድሞ ታስሯል። እርግጥ ነው፣ ፍርድ ቤት መመላለስ ከኪስ መቀነስን ያህል ቀላል አይደለም፤ ስለዚህ ትንሽ ገንዘብ ለአጭር ጊዜ መያዝን ጨርሼ አልቃወምም። የምቃወመው ያዡ ራሱ ዳኛም ሲሆን ነው። ጉድለት አለ የሚለው እሱ፣ ርክክብ የሚጠራው እሱ፣ ገንዘቡ ኪሱ ያለው እሱ። ያ ሰው ርክክቡን ለመጥራት ምን ያስቸኩለዋል?

ይህን ስጽፍ የማላገጥ እንዳይመስላችሁ። በዚያው ሁለት ዓመት ውስጥ የመሥሪያ ቤቴን ሪቴንሽን ለማስለቀቅ ደብዳቤ የምጽፈው እኔ ነበርኩ። በክልሉ አንድ ቦታ ያስረከብነው ሕንፃ ነበር። ዓመቱ ሞላ፤ የመጨረሻ ርክክብ የሚያደርገው ኮሚቴ ግን በጸጥታው ምክንያት መሄድ አልቻለም። ኮሚቴው ካልሄደ ርክክብ የለም፣ ርክክብ ከሌለ ገንዘብ የለም። ማንም አላጠፋም። ገንዘቡ ግን አንድ ወገን ብቻ ጋ ተቀምጧል። «ከአቅም በላይ የሆነ ምክንያት የአንዱን ወገን መብት ብቻ ሊያስቀር አይገባም» ብዬ የጻፍኩትን ደብዳቤ አለቃዬ አመስግኖልኛል። ደብዳቤውን በጻፍኩበት ስልክ የጋሼን ቁጥር አልደወልኩም።

አሁን ደግሞ ወደ ታች እንውረድ፤ ሪቴንሽን ሁሌም ወደ ታች ይወርዳልና። አሠሪው ከተቋራጩ ይይዛል፣ ተቋራጩ ከንዑስ ተቋራጩ፣ ንዑስ ተቋራጩ ከግንበኛው፣ ግንበኛው ከቀን ሠራተኛው። በየእርከኑ የሚባለው አንድ ነው፦ «ሲከፈለኝ እከፍልሃለሁ።» ሲሰሙት ትክክል ይመስላል። የሌለኝን ከየት ላምጣ? ግን የቀን ሠራተኛው ከአሠሪው ጋር አልተዋወቀም። ውሉን አላነበበም፣ አሠሪውን አልመረጠም፣ ትርፉም አይደርሰው። ትርፍ ሲኖር የማይካፈል ሰው ክስረት ሲኖር ለምን ይጠራል? እንግሊዞች በ1996 እ.ኤ.አ. ባወጡት የግንባታ ሕግ እንዲህ ያለውን የውል ቃል ከጥቂት ሁኔታዎች በቀር ዋጋ አሳጥተውታል።

እኛ ጋ አንድ የሚያሳዝን የቁጥር ግጭት አለ። በአሠሪና ሠራተኛ ጉዳይ አዋጅ 1156/2011 መሠረት ሠራተኛ የደመወዝ ጥያቄውን በ6 ወር ውስጥ ካላቀረበ በመርሁ ይርጋ ያግደዋል። ሪቴንሽን ደግሞ የሚቆየው ብዙ ጊዜ አንድ ዓመት ነው። አስቡት። ፎርማኑ «ሪቴንሽኑ ሲለቀቅ ትወስዳለህ» ያለው ልጅ፣ ጨዋ ሆኖ፣ ሰው አምኖ ዓመቱን ከጠበቀ፣ ገንዘቡ ሲለቀቅ የመጠየቅ መብቱ ከሞተ 6 ወር ሆኖታል። የተጨቃጨቀው ያገኛል፣ የታገሠው ያጣል። ትዕግሥትን የሚቀጣ ሥርዓት እንዴት ያለ ሰው እንደሚያፈራ ለመገመት ሩቅ መሄድ አያስፈልግም።

ሃይማኖቶቻችን ይህን ከሕግ ቀድመው አይተውታል። የይፋት ቆላ ቤተ ክርስቲያንና መስጊድ በቅርብ ርቀት የሚተያዩበት አገር ነው፤ በሁለቱም በኩል ያደገ ሰው የሠራተኛን ዋጋ ስለማሳደር ተነግሮታል። አንደኛው ፀሐይ ሳትገባ ክፈል ይላል፣ ሌላኛው ላቡ ሳይደርቅ። ሁለቱም የመረጡት መለኪያ ገረመኝ። የብሩን መጠን አላነሱም፤ ያነሱት ጊዜን ነው። ከፀሐይና ከላብ ጋር ያሰሩት፣ መዘግየት በራሱ መውሰድ ስለሆነ ይመስለኛል።

ሦስተኛው ጥያቄ እሱ ነው፤ የዘገየ ገንዘብ ያው ገንዘብ ነው?

የፍትሐ ብሔር ሕጉ ገንዘብ በጊዜው ያልከፈለ ባለዕዳ ወለድ እንዲከፍል ያዛል። ውል ያልወሰነው ከሆነ ወለዱ በዓመት 9 በመቶ ነው (አንቀጽ 1751)። ይህ ቁጥር የተጻፈው በ1952 ነው። እኛ ግን በ2014 የዋጋ ንረቱ ከ30 በመቶ በላይ ሲሄድ ያየን፣ በሐምሌ 2016 ብር በገበያ ዋጋ እንዲመነዘር ሲለቀቅ የአንድ ዶላር ዋጋ ከ57 ብር አካባቢ ተነስቶ በሳምንታት ውስጥ ከ100 ሲያልፍ ያየን ትውልድ ነን። ዋጋ በዓመት 30 በመቶ ቢጨምር ሁለት ዓመት የተያዘ 6 ሺህ ብር የሚገዛው በፊት በ3,550 ብር የሚገዛውን ነው። 9 በመቶ ወለድ ቢታሰብለት 7,080 ይሆናል፤ የመግዛት አቅሙ ግን አሁንም ወደ 4,200 ብር ገደማ ነው። ስለዚህ ሒሳብ የሚችል ባለዕዳ አይቸኩልም። ማዘግየት ያተርፋል። ይህንን ለማወቅ ክፉ ሰው መሆን አያስፈልግም፤ ዝም ማለት ብቻ ይበቃል። እኔ ዝም አልኩ።

እንቁጣጣሽ ማግስት ጋሼ ቤት ሄድኩ። ደጃፍ ላይ ማሽላ ተሰጥቶ ነበር። ተነስተው ተቀበሉኝ፣ ስለ አዲስ አበባ ጠየቁኝ፣ ስለ ሥራ ጠየቁኝ። ስለ ገንዘቡ አንድ ቃል የለም። እኔ ነኝ ያወጣሁት። «ጋሼ፣ ያጠፋሁት አለ። የእርስዎ ገንዘብ እኔ ጋ ቀርቷል። ከነወለዱ 7,080 ይሆናል» አልኩና ይቅርታ ለመጠየቅ ጎንበስ አልኩ።

ቀና አደረጉኝ። ከዚያ «እኔ ወለድ አላውቅም» አሉ።

«ሕጉ የሚለው ነው።»

«ይበል። እኔ የማውቀው ቀን ነው። ያን ጊዜ ቀኑ በስንት ነበር የምሠራው?»

«በ600።»

«እንግዲያ አንተ ጋ የቀረው ስድስት ሺህ ብር አይደለም። አስር ቀን ነው። አሁን ቀኑ 1,100 ነው። አስር ቀኔን ስጠኝ።»

በንዴት አልነበረም። ብሎኬት እንደሚለካ ሰው ነው የተናገሩት። ሒሳቡን ሠራሁት፤ 11 ሺህ። አንድ የቢሮ መሐንዲስ ይህን እንዴት ሳያየው ይቀራል? ቃሉ ራሱ እኮ ይናገራል። ደመወዝ። ከፍላችሁ አንብቡት፦ ደም፣ ወዝ። አባቶቻችን ቃሉን ሲይዙት የሚከፈለው ገንዘብ የምን ምትክ እንደሆነ ውስጡ ይዘውት ቀርተዋል። እኔ የያዝኩት ብር ቢሆን ኖሮ ብር በመመለስ ዕዳው ያልቅ ነበር። የያዝኩት ግን ከአንድ የስልሳ ዓመት ሰው ሕይወት ላይ አስር ቀን ነው፤ ጉልበቱ ዛሬ ከዚያን ጊዜው ያነሰ ሰው።

ከፈልኩ። ትክክለኛው መልስ የሳቸው ነው ወይስ የሕጉ፣ ለሁሉም ሰው መናገር ይከብደኛል። ሁሉም ዕዳ በቀን ይቆጠር ብንል አበዳሪና ተበዳሪ የሚስማሙበት ቁጥር ይጠፋል፤ ሕግ ደግሞ የታወቀ ቁጥር ይፈልጋል። ግን ቢያንስ የደመወዝ ዕዳ ላይ፣ በያዡ ጥፋት ለዘገየው ጊዜ፣ የመዘግየቱን ክስረት መሸከም ያለበት ያዡ ነው። ይህን ያህሉን እርግጠኛ ነኝ። እና መያዝ ግድ ከሆነም፦ ትንሽ ይሁን፣ ለብቻው ይቀመጥ፣ የሚለቀቅበት ቀን በያዡ ፈቃድ ላይ ሳይሆን በቀን መቁጠሪያው ላይ ይንጠልጠል፣ ጉድለቱ ወደማይመለከተው የቀን ሠራተኛም አይውረድ።

ይህን ለማድረግ የግድ አዲስ አዋጅ መጠበቅ የለብንም። ከእናንተ መካከል ነገ ቤት የሚያስለስን፣ ቧንቧ የሚያስገጥም፣ ለዲዛይነር ወይም ለቪዲዮ አቀናባሪ «ሲያልቅ እንተሳሰባለን» የሚል አለ። ያቺን የምትቀረዋን ብር ስትይዙ፣ በስንት ቀን እንደምትቆጠር ጠይቁ።

ወደ ቢሮ ስመለስ መጀመሪያ ያገኘኝ የአንድ ንዑስ ተቋራጭ ፋይል ነው። ርክክቡ ዓመት ከሁለት ወር ሆኖታል። «የዋናው ባለቤት ክፍያ ሲመጣ» ተብሎ ታስሯል፤ ማሰሪያውን የጻፍኩት እኔ ነኝ። ይለቀቅ ብዬ ማስታወሻ ጻፍኩ። አለቃዬ እስካሁን አልፈረመበትም።

እናቴ ባለፈው ደውላ ነበር። ጋሼ መጥተው አቦሉን ጠጡ አለችኝ። ለቶና አልቆዩም፤ ሥራ አለባቸው።